ምዕራፍ 6፦ ዜሮ ሰባት የመጣ ጊዜ

ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር በ09 ነበር የሚጀምረው። አፕ የሚሠራ ባለሙያም ደንበኛው ስልክ ቁጥሩን በሚያስገባበት ሳጥን ላይ አንዲት ትንሽ ሕግ ያኖር ነበር፤ ቁጥሩ አሥር አኃዝ ይሁን፣ በ09 ይጀምር፣ ካልሆነ አትቀበል የምትል። መስከረም 26 ቀን 2015 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ፤ በ07 የሚጀምር ሲምም በየሱቁ ይሸጥ ጀመር። ትናንት ትክክል የነበረችው ሕግ በአንድ ጀምበር ስህተት ሆነች። አዲስ ሲም ያወጣ ሰው የራሱን ቁጥር ጽፎ «እባክዎ ትክክለኛ ስልክ ቁጥር ያስገቡ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣበታል።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። «በ09» የሚለውን «በ09 ወይም በ07» ማድረግ ነው፤ ኮድ መጻፍ ከጀመረ ወር ያልሞላው ተማሪም አያቅተውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ያቺ ሕግ ስንት ቦታ ተጽፋለች?

አትላስ አካባቢ የሚውል ሰው ጥያቄው ቶሎ ይገባዋል። ከኡራኤል ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካፌው፣ ሬስቶራንቱ፣ ፋርማሲው፣ የባንክ ቅርንጫፉ በየሕንፃው ሥር ተደርድሯል። የራይድ ሾፌሩ አንድሮይድ ስልኩን ከመሪው አጠገብ ሰክቶ ጥሪ ይጠብቃል። ካሸሯ ፊት ያለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ነው። ከውጭ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ አይፎን ይዟል። እዚህ ሰፈር አገልግሎት መሸጥ የሚፈልግ ሁሉንም መድረስ አለበት። እንበልና ምግብ በሞተር የሚያደርስ አንድ ድርጅት እዚያው ቢሮ ከፈተ። የደንበኛው አፕ ለአንድሮይድ በኮትሊን ተጻፈ፤ ለአይፎን ደግሞ በስዊፍት። የሞተረኛው አፕ ለብቻው ነው። ሬስቶራንቱ ትእዛዝ የሚቀበለው በታብሌት ነው፤ ቢሮ ያለችው ሠራተኛ የምትከታተለው በኮምፒውተር። ያቺ የ09 ሕግ አምስት ቦታ አለች ማለት ነው፤ የጻፏት ሰዎችም የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሥራ ለቆ ሄዷል። አራቱ ተስተካክለው የታብሌቱ ቢረሳ፣ የ07 ደንበኛ አዝዞ፣ ከፍሎ፣ ሬስቶራንቱ ግን ትእዛዙን ሳያየው ይቀራል። ደንበኛው ይደውላል፣ ቢሮ ያለችው ሠራተኛ «እኔ ጋ ይታያል» ትላለች፣ ሬስቶራንቱ «እኛ ጋ አልደረሰም» ይላል። ሁሉም እውነት ተናግረዋል።

ኮድን መጋራት የሚባለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ችግር ነው። በአብዛኛው የሚወራው ስለ ገንዘብ ነው፤ ሁለት ቡድን ከመቅጠር አንድ መቅጠር ይቀላል ይባላል። እውነት ነው፣ ለአትላስ ትንሽ ድርጅት የአንድ ባለሙያ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ይህ አይመስለኝም። ሕግ አንድ ቦታ ከተጻፈ ሲሳሳትም አንድ ቦታ ይሳሳታል፣ ሲታረምም አንድ ቦታ ይታረማል። ደግሞ እንደምናየው፣ እኛ አገር ከውጭ ተዘጋጅተው የማይመጡልን፣ ራሳችን መጻፍ ያለብን ሕጎች ብዙ ናቸው።

የአንድሮይድና የአይፎን መለያየት ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንይ። አፕል አይፎንን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አፕ ስቶር በሐምሌ 2008 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ገበያ ወጣ። አፕልና ጎግል የየራሳቸውን ቋንቋና መሣሪያ ይዘው መጡ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይረዳም። አንዴ ጽፎ የትም የማስኬድ ምኞት ግን ከስልኮቹ ይቀድማል፤ ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ይህንኑ ቃል ገብቶ ነው። ለስማርት ስልክ መጀመሪያ የተሞከረው ድረ ገጽ ሠርቶ በአፕ ልብስ መሸፈን ነበር። ፌስቡክም በዚህ መንገድ ሄዶ አፑ ዘገምተኛ ሆነበት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ማርክ ዙከርበርግ በዚህ ላይ ከልክ በላይ መተማመናቸው የኩባንያው ትልቁ ስህተት እንደነበር በአደባባይ ተናገረ። ከዚያው ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ኮድ ለሁለቱም ስልክ የሚያስጽፍ መሣሪያ፣ ሪአክት ኔቲቭ፣ ወጣ። ጎግል ለዚሁ ሥራ የፍሉተርን የመጀመሪያ ሙሉ እትም በታኅሣሥ 2018 አወጣ፤ በ2022 ፍሉተር ከስልክና ከድረ ገጽ አልፎ ዊንዶውስን፣ ማክንና ሊኑክስን አዳረሰ። የጄትብሬንስ ኮትሊን መልቲፕላትፎርም ደግሞ በኅዳር 2023 ለሥራ ብቁ ነው ተባለ።

ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውም የሚገባው ሥራቸው ሲታይ ነው። ለድግስ የተጠሩ ሦስት ባለሙያዎችን አስቡ። አንዷ ባዶ እጇን መጥታ የቤቱን ድስትና ምጣድ ትጠቀማለች፤ ሪአክት ኔቲቭ እንዲህ ነው፤ አንድሮይድ ላይ የአንድሮይድን ቁልፍና ሳጥን ያዝዛል፣ አይፎን ላይ የአይፎንን። ሁለተኛዋ ከድስት እስከ ጭልፋ የራሷን ጭና ትመጣለች፤ ፍሉተር ቁልፉንም ጽሑፉንም ራሱ ስክሪኑ ላይ ይሥለዋል፤ ስለዚህ የትም ቦታ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ሦስተኛዋ የቅመሙን ልክ ብቻ ነግራ ማብሰሉን ለየቤቱ ሴቶች ትተዋለች፤ ኮትሊን መልቲፕላትፎርም ሕጉን አጋርቶ መልኩን ለየስልኩ ባለሙያ ሊተው ይችላል።

የራስን ዕቃ ይዞ መምጣት ምን እንደሚያስከትል ለግእዝ ፊደል ጸሐፊ በግልጽ የሚታይበት ቦታ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ ወዲህ «ለ» የትኛውም መሣሪያ ላይ አንድ ቁጥር አላት፤ በዚህ አገር ከሁሉ አስቀድሞ የተጋራነው ኮድ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ቁጥሩ መኖሩ ግን ፊደሏን ለመሣል አይበቃም፤ ፎንት ያስፈልጋል። በፍሉተር የተሠራ አፕ ስልክ ላይ ሲሆን ከስልኩ ፎንት ይበደራል፣ አማርኛው ደህና ይታያል። ያው ኮድ ድረ ገጽ ሆኖ በብራውዘር ሲከፈት ግን ፎንት ካልተጨመረለት የጎደለውን ፊደል ከጎግል ሰርቨር ያወርዳል። ኔትወርኩ ፈጣን ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። በቀርፋፋ መስመር ግን ገጹ ይከፈታል፣ ሥዕሉ ይመጣል፣ ጽሑፉ መሆን በሚገባው ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ፤ ቆይቶ ፊደሉ ይተካል፤ ኔትወርኩ ከተቆረጠም ሳጥኑ እንደሳጥን ይቀራል። መድኃኒቱ የግእዝ ፎንቱን ከአፑ ጋር አብሮ ማሸግ ነው። የላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ይህ ችግር ስለማይታየው በመመሪያው ላይ ጎልቶ አይነገርም። እኛ ነን ማወቅ ያለብን።

አሁን ወደ ሕጎቹ እንመለስ። ከሁሉ የሚከብደው የዘመን አቆጣጠራችን ነው።

መስከረም 1 በፈረንጅ መስከረም 11 ቀን ይውላል የሚለውን ሁሉም ያውቃል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን ጳጉሜን 6 ትሆናለች፣ ቀጣዩ እንቁጣጣሽም 12 ላይ ይወድቃል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው በፈረንጅ መስከረም 12 ቀን 2023 ነው። ይህች የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ ፈረንጁ የካቲት 29 ቀን 2024 ድረስ ቆየች። በዚያ ዓመት ጥምቀት፣ ጥር 11፣ የዋለው እንደተለመደው በፈረንጅ ጥር 19 ሳይሆን ጥር 20 ነው። ገናም በእኛ ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ነበር። አሁን አንድ የብድር አፕ እናስብ። የአንድሮይዱን የጻፈው ልጅ ጳጉሜን 6ን አስታውሷል፤ የአይፎኑን የጻፈው 11ን እንደቋሚ ቁጥር አስገብቷል። «ክፍያዎ ጥር 11 ይደርሳል» የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በቀኑ ሲከፍል ሌላውን አፑ አንድ ቀን ቀድሞ ያስጨንቀዋል። ስህተቱ በአራት ዓመት አንዴ ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሚታይ፣ ሥራውን በተረከቡበት ቀን ሲፈተሽ ሁሉም ትክክል ነበር። በቀጣይ የሚመጣው ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ነው፤ በፈረንጅ መስከረም 11 ቀን 2027።

ደስ የሚለው፣ ለዚህ የተጋራ መፍትሔ አለ። አይሲዩ የሚባለው የኮምፒውተር ዓለም የጋራ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ዓመተ ዓለምንም ጭምር። ፍሉተር የሚጻፍበት ዳርት ግን ከራሱ ይህን አያመጣም። ያንን ክፍተት የሞላው አቡሻኽር የተባለ፣ ማንም በነፃ ሊወስደው የሚችል የኮድ ጥቅል ነው፤ ቀን ከመቀየር አልፎ ባሕረ ሐሳብንም ያሰላል። ለዘመናት በቃልና በብራና ሲተላለፍ የኖረ ስሌት ዛሬ አንድ ቦታ ተጽፎ፣ የፈለገ ሁሉ በአፑ ውስጥ ይጨምረዋል። ስለ ኮድ መጋራት ስናገር መጀመሪያ የሚመጣልኝ ምሳሌ ይህ ነው። ከሁለት ስልክ አልፎ፣ የማይተዋወቁ ባለሙያዎች አንድን ስሌት የጋራ አድርገው መያዛቸው ነው።

ሰዓቱም የዋዛ አይደለም። ስድስት ሰዓት መቀነስ ብቻ ከሆነ ችግር አልነበረም። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ለአውሮፕላን ማረፊያ መኪና የያዘ ሰው የትኛውን ሌሊት ማለቱ ነው? ኮምፒውተሩ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ለብዙ ሰው ግን ገና አልነጋም፣ ያው ማክሰኞ ማታ ነው። ይህ በስምምነት የሚወሰን ነገር ነው፤ ስምምነቱም የደንበኛው አፕና የሾፌሩ አፕ ላይ ሊለያይ አይችልም። ስም ፍለጋም እንዲሁ ነው። ፋርማሲዋ «ፀሐይ» ብላ የመዘገበቻትን ሌላው ቅርንጫፍ «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ ኮምፒውተሩ የለችም ይላል፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለፍለጋ ጊዜ አንድ እንዲሆኑ ሕግ መጻፍ ያስፈልጋል። የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሌለን መሆናችንም ሌላ ሕግ ነው። ከውጭ የተገዛ አፕ ውስጥ እነዚህ አይገኙም።

ሕጉ አንድ ቦታ ይጻፍ ካልን፣ ያ ቦታ የት ነው? እዚህ ላይ ሁለት የአገራችን ሥራዎች ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ።

አንዱ ራይድ ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቋቋሙት ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተሠራው ይህ አገልግሎት ሲነሳ ታክሲ የሚጠራው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ አፑ የመጣው በኋላ ነው። አፑ ከመጣ በኋላም 8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ ይቻላል። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው። በአዲስ አበባ ብዙ እናትና አባት ስማርት ስልክ የላቸውም፣ ወይም ልጃቸው የላከላቸው ስልክ ላይ ዳታ የለም። አንዲት እናት ስትደውል ከመስመሩ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ አድራሻውን ታስገባለች፤ የእናትየው «አፕ» እሷ ናት። የጉዞው ዋጋ በአፕ ላዘዘውም በስልክ ለደወለችውም እኩል መሆን አለበት፤ ስለዚህ ስሌቱ መቀመጥ ያለበት ሁሉም በሚደርስበት በሰርቨሩ ላይ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 የተጀመረው ቴሌብርም አፕም አለው፣ በማንኛውም ቀላል ስልክ *127# ተብሎ የሚከፈት ምናሌም አለው፤ ገንዘቡ አንድ፣ መግቢያው ብዙ ነው። ፊቱ ሺህ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ማዕከል ላይ ከሆነ አይለያይም።

ሌላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት ታብሌት ነው። ጤና ሚኒስቴር ያስፋፋው የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የተሠራው ዲማጊ የተባለው ድርጅት ባዘጋጀው ኮምኬር በተሰኘ መድረክ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትሄድ ነፍሰ ጡሯን ትመዘግባለች፣ የክትባት ቀጠሮ ትይዛለች፤ ቀበሌው ግን ኔትወርክ ላይኖረው ይችላል። እዚያ ሕጉ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢሆን ታብሌቱ ዝም ይላል። የክትባቱ ቀን ስሌት፣ የአደጋ ምልክቱ ማሳሰቢያ፣ ሁሉም ታብሌቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ መረጃው ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። የከተማ አፕ ሠሪዎች ይህንን ከገጠሩ ሥራ ቢማሩ እወዳለሁ። አትላስ መሀል ሆኖም ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራትም ይሄዳል፤ «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። ሰርቨሩም መሣሪያውም አንድ ዓይነት ሕግ እንዲይዙ ከተፈለገ፣ ያው ኮድ በሁለቱም ቦታ ቢሠራ ይመረጣል፤ ዳርትም፣ ኮትሊንም፣ የሪአክት ኔቲቩ ጃቫስክሪፕትም ሰርቨር ላይ መሥራት ስለሚችሉ ይህ የሚቻል ነው።

የማይጋራውንም መናገር አለብኝ፤ ብዙ ወጣት ባለሙያ «አንድ ኮድ ለሁሉም» በሚለው ተስፋ ጀምሮ መሀል መንገድ ላይ ይደክማልና። የመጀመሪያው ማክና ክፍያ ነው። የአይፎን አፕ የሚጠናቀቀው ማክ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ኮዱ አንድ ቢሆንም ማክ የሌለው ቡድን በኢንተርኔት የሰው ማክ ይከራያል፣ ወይም ቢሮው ውስጥ ያለችውን አንዲት ማክ በተራ ይጠቀማል። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል፤ ጎግል አንዴ 25 ዶላር። ገንዘቡ ብዙ ባይመስልም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሬ፣ ውጭ በሚሠራ ካርድ ነው። ብዙ ጊዜ ውጭ የሚኖር ወንድም ወይም ጓደኛ ይከፍላል፤ አፑም በእሱ ስም ይመዘገባል፤ ነገ ባለቤትነቱ ያከራክራል።

ሁለተኛው ከስልኩ አካል ጋር የተያያዘው ነው። የሾፌር አፕ ስክሪኑ ቢጠፋም ያለበትን ቦታ ለማዕከሉ መንገር አለበት። እዚህ አገር በብዛት የሚያዙት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ባትሪ ለመቆጠብ ከኋላ የሚሠራን አፕ ይዘጋሉ። ፍሉተርም ሆነ ሪአክት ኔቲቭ ይህን አያስቀርም፤ ለየስልኩ ዓይነት ቅንብሩን ማጥናት፣ ሾፌሩንም «ይህንን ፍቀድ» ብሎ ማስረዳት ይጠይቃል። ኤርቢኤንቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሪአክት ኔቲቭን ለመተዉ ከምክንያቶቹ አንዱ የተጋራውን ኮድ ከየስልኩ ጋር የሚያገናኘው እንዲህ ያለ የድልድይ ሥራ ነበር፤ ከሁለት ዓለም አንድ መሆን ሲፈልጉ ሦስት ዓለም መጠበቅ ሆነባቸው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ፍሉተር አማርኛን ያውቃል፤ የቀን መምረጫው ላይ «ይቅር»ን የመሰሉ ቃላት በአማርኛ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ግን በዝግጁ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። አማርኛ ላይ በደንብ የሚሠራ አፕ ቋንቋውን ወደ አፋን ኦሮሞ ሲቀይሩት በሙከራ ጊዜ ሙሉ ስክሪኑ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ፍሉተር የቁልፎቹን ቃላት ስላላገኘ ነው። ባለሙያው ራሱ ተርጉሞ መሙላት፣ ካልሆነም ለጊዜው የሌላ ቋንቋ ቃላት መበደር አለበት። ብዙዎች መበደሩን መርጠው በዚያው ይተዉታል፤ ወለጋ ያለ ሰው በራሱ ቋንቋ በጀመረው አፕ ውስጥ ድንገት እንግሊዝኛ ይገጥመዋል። ይህንን ትርጉም አንድ ጊዜ በትክክል ሠርቶ እንደ አቡሻኽር ለሁሉም በነፃ ማስቀመጥ የአንድ ትንሽ ቡድን የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው፤ ቢደረግ የሚጠቅመው ሰው ብዛት ግን ከፍተኛ ነው።

እንግዲህ ለጀማሪ ቡድን ምን ይመከራል? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የአንድሮይድ ትምህርቱን በኮትሊን ስለሚሰጥ፣ ከዚያ የወጣ ልጅ ወደ ኮትሊን መልቲፕላትፎርም መሄዱ የተፈጥሮ መንገዱ ነው። ድረ ገጽ ሲሠራ የኖረ ሪአክት ኔቲቭ ቶሎ ይለምዳል። ከዜሮ የሚነሳ፣ ዊንዶውስም ታብሌትም ስልክም በአንድ መልክ የሚፈልግ ፍሉተርን ቢይዝ አይጸጸትም። እኔ ግን ከምርጫው ይልቅ ቅደም ተከተሉ ያሳስበኛል። ብዙዎች መጀመሪያ ስክሪኑን ያሳምራሉ፤ የስልክ ቁጥሩ፣ የቀኑ፣ የዋጋው ሕግ በየቁልፉ ሥር ተበታትኖ ይቀራል። ሕጎቹ መጀመሪያ ለብቻቸው፣ ያለ ምንም ስክሪን ተጽፈው፣ በጳጉሜን 6 እና በ07 ቁጥር ተፈትነው ቢቀመጡ፣ ነገ ፍሉተርም ቢያረጅ ወደ ሌላ ለማሻገር አይከብድም።

ሕጉ አንድ ቦታ ከታረመ በኋላም የሚቀር ሥራ አለ። የአገራችን ሰው ሁሉ አፕ የሚያገኘው ከፕሌይ ስቶር አይደለም። ዳታ ውድ ስለሆነ ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል፣ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይሻገራል። እንዲህ የተጫነ አፕ ብዙ ጊዜ አፕዴት ሳይደረግ ይኖራል፤ አምና የታረመው የ09 ሕግ እሱ ውስጥ ዛሬም አለ። ሪአክት ኔቲቭ የጃቫስክሪፕቱን ክፍል ያለ ስቶር በቀጥታ ወደ ስልኩ መላክ ያስችላል፤ ለፍሉተርም ሾርበርድ የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። ሁለቱም ግን ስልኩ ኢንተርኔት ላይ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጥንቁቅ ቡድን እያንዳንዱ አፕ ለሰርቨሩ እትሙን እንዲናገር ያደርጋል፤ ሰርቨሩም አሮጌውን እትም ወዲያው አያባርርም፣ የሚችለውን ያህል እያስተናገደ ቆይቶ፣ ገንዘብ የሚነካ ስህተት ያለበትን ብቻ «አዲሱን ይጫኑ» ብሎ ያቆመዋል። ያንን መልእክት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ አዘጋጅቶ፣ የአዲሱን ፋይል መጠን በሜጋባይት ጽፎ ማሳየት ደግሞ የዳታ ጥቅል መግዛት አለመግዛቱን ለሚያሰላ ሰው የሚገባው መረጃ ነው።